ስሙ ያልተጻፈበት ብልቃጥ፤ ያልታወቀን ነገር መርምሮ ስለ መለየት



ከፎርም ሦስትና ከፎርም አራት ተማሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ «ቤተ ሙከራ ሳይኖረን የኬሚስትሪን የተግባር ፈተና እንዴት አድርገን እናልፋለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ ማለትም በኬ.ሲ.ኤስ.ኢ.፣ ሦስተኛው የኬሚስትሪ ወረቀት ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚሠራ ነው። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲሆን 40 ነጥብ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ተማሪው ስሙ ያልተነገረው ዱቄት ተሰጥቶት «መርምረህ ለይ» የሚባልበት ነው። ዱቄቱን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በዚያ ሰዓት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት ከሚከብዱት ወገን የሚያደርገው የዕቃ እጥረት ብቻ አይደለም። ዕቃ የተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችም በዚህ ጥያቄ ብዙ ነጥብ ይጥላሉ። ምክንያቱም ሰንጠረዡን ይሸመድዱታል እንጂ የምርመራውን አካሄድ አይረዱትም። አካሄዱ ደግሞ በወረቀትና በእርሳስ፣ እንዲሁም እናቶቻችን ማድ ቤት ውስጥ በሚገኙ ነገሮች ሊለመድ ይችላል። ስለሆነም በዚህ እትም አካሄዱን እንመለከታለን።

ያየነውና የገመትነው

በፈተናው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አለ። በግራ በኩል ያየኸውን፣ በቀኝ በኩል ካየኸው ተነሥተህ የደረስክበትን ትጽፋለህ። ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እነዚህን ሁለቱን በማደባለቅ ነው።

ለምሳሌ በአንድ ነጭ ዱቄት ላይ አሲድ ጠብ ሲደረግ ተማሪው «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ» ብሎ በግራ ዓምድ ይጽፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ማንም በዓይኑ አያየውም። የታየው «አረፋ አወጣ፤ ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ወጣ፤ ጋዙ የኖራን ውኃ አደፈረሰ» የሚለው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለው ስም በቀኝ ዓምድ የሚገባ ድምዳሜ ነው። ልክ በፍርድ ቤት ምስክር ያየውን እንዲናገር፣ ፍርዱን ግን ለዳኛው እንዲተው ማለት ነው። እዚህ ላይ ምስክሩም ዳኛውም አንተው ነህ፤ ግን ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ አትሥራ።

በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ለምንጽፍ ሰዎች ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ ውኃን «ነጭ» ማለት ይቀናናል፤ «ነጭ ውኃ ሆነ» እንላለን። በኬሚስትሪ ግን ነጭ ማለት ወተት የሚመስል ማለት ነው። ውኃ ነጭ ሳይሆን ቀለም የለሽ ነው። እንዲሁም «ጥርት ያለ» የሚለው ቃል የቀለም ስም አይደለም። የመዳብ ሰልፌት በውኃ ሲሟሟ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖም ጥርት ያለ ነው፤ በውስጡ አሳልፎ ያሳያል። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆነ» ብሎ ቢጽፍ ቀለሙን አልነገረንም። «ቀለም የለሽ ሙሙት ሆነ» ማለት አለበት። ይህችን ልዩነት ብቻ ያወቀ ልጅ ከአንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት ነጥብ ያተርፋል።

ደግሞም «ምንም አልታየም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ዝቃጭ ይጠበቅ ከነበረ «ነጭ ዝቃጭ አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ያልታየ ነገርም ማስረጃ ነው፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ከታየው ይልቅ ይጠቅማል።

እንደ ሌባ ሻይ ሳይሆን እንደ አውጫጭኝ

አያቶቻችን የሚያወሩት የድሮ ልማድ አለ። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻይ ያስጠራል፤ ሌባ ሻዩ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ ይለቀዋል፤ ልጁም እየሮጠ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በሌላ በኩል አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ይጠየቅና ከወንጀሉ የራቀው እየተለየ ይሄዳል። አውጫጭኝም የራሱ ችግር ነበረው፤ ሰው ሥራ ፈቶ ቀናት ይቀመጥ ነበር። ግን አካሄዱ ከሌባ ሻይ ይሻላል።

ብዙ ተማሪዎች ያልታወቀውን ዱቄት እንደ ሌባ ሻይ ነው የሚመረምሩት። አንድ ነጭ ዝቃጭ ባዩ ቁጥር ወደ አንድ ስም ይሮጣሉ። ትክክለኛው መንገድ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በእያንዳንዱ ምርመራ ንጹሑን እየለዩ ማሰናበት ነው። እያንዳንዱን ምርመራ ከመሥራትህ በፊት «ይህ ምርመራ ማንን ከማን ይለያል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ማንንም ከማንም የማይለይ ምርመራ ኬሚካል ማባከን ነው።

በፈተና የሚመጡት ተጠርጣሪዎች ብዙ አይደሉም። ፖዘቲቭ አዮን ከሆኑት ሶድየም፣ ፖታሲየም፣ አሞኒየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ሊድ፣ መዳብና ሁለቱ ዓይነት ብረቶች ናቸው። ኔጋቲቭ አዮን ከሆኑት ክሎራይድ፣ ሰልፌት፣ ሰልፋይት፣ ካርቦኔትና ናይትሬት ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ተጣምረው አንድ ውህድ ስለሚሠሩ ሁልጊዜ ሁለት ስም ነው የምንፈልገው።

ምርመራው ከዓይን ይጀምራል። ሰማያዊ ከሆነ መዳብ ይጠረጠራል፤ አረንጓዴ ከሆነ መዳብ ወይም ባለ ሁለት ቫለንሲ ብረት፤ ቡናማ ወይም ቢጫማ ከሆነ ባለ ሦስት ቫለንሲ ብረት። ነጭ ከሆነ እነዚህ ሦስቱ ወዲያው ከጥርጣሬ ይወጣሉ። ቀጥሎ ማሞቅ ነው። በሙከራ ቱቦው ላይኛው ቀዝቃዛ ክፍል የውኃ ጤዛ ከታየ ዱቄቱ በውስጡ ውኃ አለው ማለት ነው። ቡናማ ጋዝ ከወጣ ናይትሬት ነው፤ ሆኖም የሶድየምና የፖታሲየም ናይትሬት በተራ እሳት ቡናማ ጋዝ እንደማይሰጡ አትርሱ። ሲሞቅ ቢጫ፣ ሲቀዘቅዝ ነጭ የሚሆን ዱቄት ከቀረ ዚንክ ኦክሳይድ ነው።

ከዚያ በኋላ በውኃ ማሟሟት ይመጣል። እዚህ ላይ ጥቂት ሕግ መያዝ ግዴታ ነው። የሶድየም፣ የፖታሲየምና የአሞኒየም ውህዶች፣ እንዲሁም ናይትሬቶች ሁሉ ይሟሟሉ። ክሎራይዶች ከብርና ከሊድ በቀር ይሟሟሉ። ሰልፌቶች ከባሪየምና ከሊድ በቀር በጠቅላላው ይሟሟሉ፤ የካልሲየሙ ግን የሚሟሟው በጥቂቱ ነው። ካርቦኔቶች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ከሶድየም፣ ከፖታሲየምና ከአሞኒየም በቀር አይሟሟሙም። ይህን ያወቀ ሰው ገና በውኃው ብቻ ግማሹን ተጠርጣሪ ያሰናብታል።

አንድ ዱቄት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እስቲ አንዱን አብረን እንሥራ። የተሰጠን ጠጣር «መ» ይባል። ነጭ፣ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነው። ስናሞቀው በቱቦው አፍ አካባቢ ጤዛ ታየ። በውኃ ሲሟሟ ቀለም የለሽ ሙሙት ሆነ። እስካሁን መዳብንና ሁለቱን ብረቶች አሰናብተናል፤ ውኃ ያዘለ እንደሆነም አውቀናል።

ከሙሙቱ ጥቂት ወስደን ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አደረግንበት። ነጭ፣ እንደ ረጋ እርጎ ያለ ዝቃጭ ታየ። አብዝተን ስንጨምር ዝቃጩ ጠፋ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ነጭ ዝቃጭ ይሰጣሉ፤ ግን ሲበዛበት አይሟሟም። ስለዚህ እነርሱ ተሰናበቱ፤ ዚንክ፣ አሉሚኒየምና ሊድ ቀሩ።

በሌላ ቱቦ የአሞኒያ ሙሙት ጠብ አደረግን። እንደገና ነጭ ዝቃጭ ታየ፤ አሁን ግን አብዝተን ብንጨምርም አልሟሟም። የዚንክ ዝቃጭ በአሞኒያ ይሟሟ ስለነበር ዚንክ ወጣ። አሉሚኒየምና ሊድ ፊት ለፊት ቀሩ። እነዚህን ሁለቱን በሃይድሮክሳይዶቹ ብቻ መለየት አይቻልም። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ደርሰው በዕጣ ይመርጣሉ።

ለሊድ ልዩ ምርመራ አለው። ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመርበት ደማቅ ቢጫ ዝቃጭ ይሰጣል። እኛ ስንጨምር ቢጫ ዝቃጭ አልታየም። ስለዚህ አሉሚኒየም ነው።

አሁን ወደ ኔጋቲቩ አዮን እንሂድ። ባሪየም ናይትሬት ስንጨምር ነጭ ዝቃጭ ታየ፤ የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ብንጨምርበትም አልሟሟም። ካርቦኔትና ሰልፋይት ቢሆን ኖሮ በአሲዱ ይሟሟ ነበር። ስለዚህ ሰልፌት ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ነገር ያያል፤ ሊድ ሰልፌት በውኃ አይሟሟም፤ የእኛ ዱቄት ግን ተሟሟ። እንግዲያውስ የአዮዳይዱ ምርመራ ባይኖርም ሊድ ሊሆን እንደማይችል ከሁለቱ መረጃዎች ብቻ መድረስ ይቻል ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ማገናኘት ነው ኬሚስትሪ ብዬ የምጠራው።

በመጨረሻም በነበልባል ስናየው ፈዛዛ ወይን ጠጅ ቀለም ታየ። ፖታሲየምም አለ ማለት ነው። አሉሚኒየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ውኃ፤ ይህ ዱቄት አሉም ነው።

አሉምን ለምን መረጥኩት? ድፍርስ ውኃ በሚጠራበት ቦታ የአሉሚኒየም ሰልፌት ዓይነት ሲጨመር አይታችሁ ይሆናል። አሉሙ በውኃው ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ያው በሙከራ ቱቧችን ያየነው እርጎ መሰል አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ዝቃጭ የጭቃውን ደቂቅ እየሰበሰበ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በቱቦ ውስጥ ያየነውና በበርሜል ውስጥ የሚሠራው አንድ ነው። ወላጆች ልብ በሉ፤ አሉም ውኃን ያጠራል እንጂ እንደ ክሎሪን ጀርም አይገድልም። የጠራ ውኃ ሁሉ ለመጠጥ የሚሆን አይደለም። በኮንሶ ያሉ ወገኖቻችን የሽፈራውን ዛፍ በደንብ ያውቁታል፤ የሽፈራው ፍሬ ተፈጭቶም ለዚሁ ለማጥራት ሥራ ያገለግላል።

ማድ ቤት እንደ ቤተ ሙከራ

ፈተናው የሚጠይቃቸው ኬሚካሎች በእጃችን ባይኖሩም ልምምዱን የሚሰጡ ነገሮች አሉ። ሎሚ ወይም አቼቶ አሲድ ነው። ጥሩ አመላካች ደግሞ ከርከዴ ነው። የከርከዴ ሻይ ያለ ስኳር አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። አሲድ ሲያገኘው ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ቤዝ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ስለዚህ ሊትመስ ወረቀት ባይኖርም ቆርጣችሁ ያደረቃችሁት በከርከዴ የተነከረ ነጭ ወረቀት ብዙ ያገለግላችኋል።

አሁን አምስት ነጭ ዱቄቶችን እንውሰድ፤ የምግብ ጨው፣ ለዳቦ የሚሆን ባይካርቦኔት፣ ጀሶ፣ ኖራ እና ስኳር። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ክዳን ላይ አድርጋችሁ ጓደኛችሁ ቦታቸውን ይቀያይረው። ኖራው ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በማንኪያ ብቻ ይነካ፤ ትልቅ ሰውም አብሯችሁ ይሁን። በውኃ ስትፈትኗቸው ጨው፣ ባይካርቦኔትና ስኳር ይሟሟሉ፤ ኖራና ጀሶ ውኃውን ያደፈርሳሉ። ከሚሟሙት ውስጥ በአቼቶ አረፋ የሚያወጣው ባይካርቦኔት ነው፤ ከርከዴውንም ቀለም ያስለውጠዋል። ከቀሩት ሁለቱ በማንኪያ ላይ ሲሞቅ ቀልጦ የሚጠቁረውና የሚሸተው ስኳር ነው፤ ጨው አይጠቁርም። ካልሟሟሙት ውስጥ ከርከዴውን ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ኖራ ነው፤ በጥቂት ውኃ ተለውሶ ሲቀመጥ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ጀሶ ነው። መቅመስ ግን ክልክል ነው። ጨው መሆኑን እርግጠኛ የሆንክ ቢመስልህም አትቅመስ። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ ያገኛቸውን ነገሮች ሁሉ የመቅመስ ልማድ ነበረው ይባላል፤ በ1786 እ.ኤ.አ. በ43 ዓመቱ ሞተ።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። አሮጌ ኖራ በአቼቶ አረፋ ሲያወጣ ልታዩ ትችላላችሁ። ትኩስ ኖራ አረፋ አያወጣም። ክፍት የቆየ ኖራ ግን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። የኖራን ውኃ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስናደፈርስ የምናየውም ይኸው ነው። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አቼቶ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ሳሙና አረፋ የማይሰጥበት ውኃ የሚቀዳ ቤት ይህን ቅርፊት በደንብ ያውቀዋል።

ኬንያ ባቄላ ቶሎ እንዲበስል የሚጨመረው ማጋዲም ሌላ ጥሩ መለማመጃ ነው። ስሙን ያገኘው ከማጋዲ ሐይቅ ነው። እዚያ ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሶዳ ኩባንያ ተቋቁሟል። የማጋዲ ድንጋይ ትሮና ይባላል፤ የሶድየም ካርቦኔትና የሶድየም ባይካርቦኔት አንድነት ነው። በአገራችንም ከአብያታ ሐይቅ ውኃ ሶዳ አሽ ይመረት ነበር። ማጋዲና ባይካርቦኔት ሁለቱም በአቼቶ አረፋ ያወጣሉ፤ ሁለቱም ከርከዴን ይለውጣሉ። በምን ይለያሉ? ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ኤፕሰም ጨው፣ ማለትም ማግኒዚየም ሰልፌት፣ በውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩባቸው። ካርቦኔት ያለበት ማጋዲ ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል። ባይካርቦኔቱ ግን ካልፈላ በቀር አይሰጥም።

ከሞያሌ በሜጋ በኩል ወደ ያቤሎ የተጓዘ ሰው የኤል ሶድን ጨው ያውቃል፤ በአማርኛ «ጨው ቤት» የሚባለው ነው። ከጥልቁ ጉድጓድ ሐይቅ ሰዎች እየጠለቁ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ጨውም ነጭ ጨውም ያወጣሉ፤ በአህያ ተጭኖ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቁሩና ነጩ ከአንድ ሐይቅ ናቸው፤ መልክ ብቻውን ማንነትን እንደማይናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ለወላጆች እናሳስብ። ከሐይቅ ወይም ከማዕድን ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ገበያ የሚመጣ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። አዮዲን የጎደለው ምግብ እንቅርት ያመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ሲጎድል ደግሞ የልጁን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። አዮዲን ያለበትና የሌለበት ጨው በዓይን፣ በውኃም፣ በነበልባልም አይለዩም። ስለዚህ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንባቢ ልጅ በቤት ካለ እርሱ ያንብብላችሁ።

ስለ ነበልባል

የነበልባል ምርመራ ልጆች የሚወዱት ነው። ሶድየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ካልሲየም የጡብ ቀይ፣ መዳብ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሰጣሉ። ጀርመናውያኑ ቡንዘንና ኪርሆፍ በ1860 እ.ኤ.አ. የማዕድን ውኃ ቅሪትን በነበልባል ሲመረምሩ ማንም የማያውቃቸው ሁለት ሰማያዊ መስመሮች አዩ፤ ሲዝየም የሚባለውን ንጥረ ነገርም በዚህ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ሩቢዲየምን ጨመሩበት።

ለዚህ ሽቦ ያስፈልጋል። ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚወጣው ጥቅልል ሽቦ ኒክሮም ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ሽቦው ከምድጃው የሚወጣው ግን በትልቅ ሰው እጅ፣ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ነው። የከሰል ፍም፣ የኩራዝና የሻማ ብርሃን አይሆኑም፤ ራሳቸው ቢጫ ናቸው። የጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ያስፈልጋል። ሽቦውን በጣታችሁ አትንኩት፤ ላባችሁ ውስጥ ያለው ጨው ብቻ ነበልባሉን ቢጫ ያደርገዋል። የሶድየም ቢጫ ጉልበተኛ ስለሆነ የፖታሲየምን ቀለም ይሸፍናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰማያዊ የኮባልት መስታወት የሚያዘው ቢጫውን ለማገድ ነው። አመድ ዘፍዝፋችሁ ያጠለላችሁት ውኃ ሲደርቅ የሚቀረው ዱቄት ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው በዚህ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ለወላጆች ብቻ

ይህ ትምህርት በቤታችሁ የሚነካው ትልቁ ጉዳይ ስም የሌለው ዕቃ ነው። ሳሙና የሚሠሩ እናቶች ኮስቲክ ሶዳ ይገዛሉ። ኮስቲክ ሶዳ ነጭ ነው፤ ከሩቅ ጨው ወይም ስኳር ይመስላል። በስኳር ቆርቆሮ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ልጅ ከዋጠው የምግብ መውረጃውን ያቃጥላል። እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥላል። አፉን በውኃ አጥቡና ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ። ዓይን ከገባ ዐይኑን ከፍታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡና ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ዩሪያ ነጭ ፍሬ ነው፤ ከብት ቢበላው ይገድላል። ማዳበሪያ የነበረበትን ማዳበሪያ ጆንያ ለእህል፣ ማዳበሪያ የተሟሟበትን ባልዲ ለከብት ውኃ አታውሉት።

በረኪና፣ ማለትም እዚህ ጂክ የምንለው፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። የአይጥ መርዝ ከሚባሉት ግራጫው ዱቄት ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ አሲድ ሲነካው ገዳይ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ በማድ ቤት ያሉትን አምስቱን ዱቄቶች ብቻ ሞክሩ፤ ከየት እንደመጣ በማታውቁት ዱቄት ላይ አቼቶ ማፍሰስ አይፈቀድም።

ስለ ኩልም አንድ ቃል። ኩል ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት በብዙ አገሮች ተመርምሮ ሊድ ሰልፋይድ ተገኝቶበታል። ጥቁር ዱቄት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሊድ ያለበትንና የሌለበትን በቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ልማዱን አክብረን እንኳ ሕፃናትን መኳል ብንተው መልካም ነው።

የዚህ እትም ጥያቄዎች

መልሳችሁን በሁለት ዓምድ፣ ያያችሁትና የደረሳችሁበት በማለት ጻፉ። ስም ብቻ የጻፈ ነጥብ አያገኝም።

1. ጠጣር «ሀ» አረንጓዴ ነው። ሙሙቱ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር አረንጓዴ ዝቃጭ ታየ፤ አብዝቶ ሲጨመር አልሟሟም፤ ቆይቶ የዝቃጩ ላይኛው ገጽ ቡናማ ሆነ። ባሪየም ናይትሬት በአሲድ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ሰጠ። «ሀ» ማን ነው? ገጹ ለምን ቡናማ ሆነ?

2. ጠጣር «ለ» ነጭ ነው፤ በውኃ አይሟሟም። በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ አረፋ አውጥቶ ተሟሟ፤ ጋዙ የኖራን ውኃ አደፈረሰ። ሙሙቱ በሶድየም ሃይድሮክሳይድ ነጭ ዝቃጭ ሰጠ፤ ሲበዛ አልሟሟም። በአሞኒያ ዝቃጭ አልታየም። ነበልባሉ የጡብ ቀይ ነው።

3. ጠጣር «ሐ» ነጭ ነው፤ ይሟሟል። በሶድየም ሃይድሮክሳይድ ዝቃጭ አልታየም፤ ሲሞቅ ግን የሚሰነፍጥ ጋዝ ወጣ፤ እርጥብ ቀይ ሊትመስንም ሰማያዊ አደረገ። ሊድ ናይትሬት ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ታየ፤ ሲሞቅ ተሟሟ፤ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ።

4. ለታናናሾቻችሁ፤ ጨው፣ ባይካርቦኔትና ጀሶ ስም በሌላቸው ሦስት ቆርቆሮዎች ውስጥ አሉ። በእጃችሁ ውኃና አቼቶ ብቻ አለ። ሦስቱን ለመለየት ከሁሉ ያነሰ ስንት ምርመራ ይበቃል? በየትኛው ትጀምራላችሁ?

መልሳችሁን እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ለክፍል አለቆቻችሁ አስረክቡ። ኒክሮም ሽቦ ወይም የተረፈ ከርከዴ ያለው ሰው ለሳይንስ ክበቡ ቢሰጥ ቅዳሜ ጠዋት በሚደረገው ልምምድ እንጠቀምበታለን።